የብርጓልና ቤተኞቿ

የብርጓል ወደ ራሷ ስትመለስ በእጇ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ይዛ ነበር። ሻዩ ስኳር በዝቶበታል፤ እሷ ደግሞ ሻይ በስኳር አትወድም። ቀና ብላ ስታይ ከፊት ለፊቷ አስፋልቱ አለ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ግን ምንም የለም፤ ጉም ብቻ። ጉሙ ከዓባይ በረሃ እየተንፏቀቀ ሽቅብ ወጥቶ የገደሉን አፋፍ ውጦታል። የጭነት መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ከውስጡ ብቅ ሲሉ ወንዝ ተሻግረው የሚወጡ በሬዎች ይመስላሉ። ደጀን መሆኗን ያወቀችው በዚህ ነው። እንዴት እንደመጣች ግን አታውቅም። መጨረሻ የምታስታውሰው፣ ያን ዕለት ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ የልብስ ስፌት ሱቋን ቁልፍ ስትከፍት ነው።

«እማሆይ፣ ትንሽ ይጨመርልዎት?» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ በራዱን ይዛ ጎንበስ ብላ።

የብርጓል ሰው ያለ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። እጇን ወደ ራሷ ስትሰድ ነጠላዋ አገጯ ሥር ተጠቅልሎ፣ እስከ ግንባሯ ድረስ ሸፍኖ፣ ልክ እንደ መነኩሲት ሆኖ አገኘችው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ባል አላት፣ ልጅ አላት።

«እኔን ነው?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ምነው እማሆይ! ቅድም መርቀውኝ ረሱት? ድምፅዎም ተለውጧል፤ ብርዱ ነው መሰለኝ።»

የብርጓል ሒሳቧን ሰጥታ፣ ነጠላዋን እንደወትሮዋ አጣፍታ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። እስከ ሉማሜ ድረስ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ሄደች። ከውጭ ማሳው፣ ባሕር ዛፉ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ በጉሙ ውስጥ እየቀለጠ ያልፋል። ሌላ ሰው ያለመው ሕልም ውስጥ ገብታ የምትጓዝ መሰላት።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። የብርጓል ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ቀኖቿ ቀዳዳ አላቸው። ከአንድ ሰዓት ወደ ሌላው ስትሻገር መሐሉ ይጎድላል። ያላለችውን «ብለሻል» ይሏታል፤ ያላየችው ሰው መንገድ ላይ አቅፎ ይስማታል። ሱቁን ከከፈተች ወዲህ ደግሞ በሥራዋ መጣባት። የሐበሻ ቀሚስ ላይ መስቀል መጥለፍ ጀምራ ታቋርጣለች፤ ስትመለስ ከመስቀሉ ጎን ያልጀመረቻት ወፍ ተጠልፋ ታገኛለች። ወፏ አንገተ ወፍራም፣ እግረ ቀጭን፣ ሕፃን የሣላት የምትመስል ናት። ክሩ የሄደበትን ስታይ በግራ እጅ የተሠራ መሆኑን ታውቃለች፤ የብርጓል ግን የምትሠራው በቀኝ እጇ ነው። ደንበኞቿ ወፏን ወደዷት። «ያቺን ወፍ ጥለፊልኝ» እያሉ ሲመጡባት «ስትመጣልኝ» ትላለች አንገቷን ደፍታ። እነሱ ቀልድ ይመስላቸዋል።

አማቷ ዛር ነው አሉ። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ። ሁለት ክረምት ጠበል ገባች። ጠበሉ አሳረፋት፤ ሌላው ቢቀር እንቅልፍ ሰጣት። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። የነፍስ አባቷ መምሬ እንዳላማው ራሳቸው፣ «ልጄ፣ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው። ጠበልሽን ሳትተዪ እዚያም ሂጂ» ብለዋት ነበር። እሺ ብላ ሳትሄድ ቀረች። ሐኪም ዘንድ ገብቶ መናገር እብደቷን በገዛ እጇ ፈርሞ መቀበል መሰላት። ባሏ ዋኘው በጭነት መኪናው ከአገር አገር የሚዞር ሰው ነው፤ ለእሱም አፍ አውጥታ የነገረችው የለም።

የደጀኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ፣ ጎረቤት የዋለችው የአራት ዓመት ልጇ እስከዳር ሮጣ መጥታ ቀሚሷን ያዘችና ሽቅብ አየቻት።

«እማ፣ አሁን የቷ ነሽ?»

«የቷ ማለት?»

«ትንሿ ነሽ ወይስ አንቺ ነሽ? ትንሿ ከሆንሽ እንቆቅልሽ እንጫወት። አንቺ ከሆንሽ ግን ርቦኛል።»

የብርጓል እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። «ትንሿ ማናት፣ የኔ እናት?»

«አንቺ ጋ ያለችዋ ናታ! ጨለማ ትፈራለች። አንድ ቀን በሩን ስዘጋው አለቀሰችብኝ። ከዚያ ወዲህ አልዘጋባትም፤ አባብላታለሁ።» ልጅቷ ይህን የምትለው ስለ ጎረቤት ድመት እንደምታወራ ሁሉ ነው። «እና አሁን የቷ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። «ነይ፣ ላብላሽ።»

ልጇን እያጎረሰች፣ ያን ያህል ዘመን የተሸከመችውን ነገር አሁን የአራት ዓመት ሕፃን አብራት ተሸክማው እንደኖረች አሰበች። ከዛሩም ከዓይኑም ይልቅ ይሄ አንጀቷን በላው። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄደች።

ምክር የምትሰጠው ሴት ወሰንየለሽ ትባላለች። ለሥራ ከደሴ የመጣች፣ በወሎ ዘዬዋ የደብረ ማርቆስ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ የሚቀልዱባት፣ በዕድሜ ከየብርጓል እምብዛም የማትበልጥ ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበርና አንድ ምንጣፍ አለው፤ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ረድፍ ይታያል።

«ዶክተር...» ብላ ጀመረች የብርጓል።

«ዶክተር እንኳ አይደለሁም። ወሰንየለሽ በይኝ። እኔስ አንቺ ልበልሽ?»

«በይኝ።»

የመጀመሪያውን ቀን ራሴን ያመኛል አለች። በሁለተኛው እንቅልፍ ነሳኝ አለች፤ ውሸት ነው። በሦስተኛው ስለ ልብስ ስፌት አወራች፤ ወሰንየለሽ ስለ መርፌና ስለ ክር ጠየቀቻት እንጂ «ለምን መጣሽ?» አላለቻትም። ስትወጣ ብቻ፣ «የሚከብድ ነገር ካለ ይቆይ። አብሮሽ የኖረ ነገር ነው፤ እዚህ ለመግባት ጊዜ ቢወስድበት አይገርመኝም» አለቻት። ያቺ ንግግር የብርጓልን ሳምንቱን ሙሉ ተከተለቻት። ስፌት ላይ ተቀምጣ፣ ወሰንየለሽ «ነገር» ስትል የሆነ በር ከፍታ የተወች ያህል ይሰማት ነበር።

የነሐሴ ዝናብ በወረደበት ቀን ነው የሆነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ አላነጋግር ስላላቸው ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከባሕር ዛፎቹ መሐል ጉም መውጣት ጀመረ። የብርጓል ዓይኗን ከጉሙ ሳትነቅል፣

«እኔ ውስጥ ሰዎች አሉ» አለች።

ብላው ስታበቃ ጣሪያው የሚደረመስ መሰላት። ወሰንየለሽ ግን ከዘመድ ቤት የመጣ ሰው ስለ ቤተሰቡ እንደሚጠየቅ አድርጋ፣ «ማን ማን አለ?» አለቻት።

ያን ጊዜ የብርጓል ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ተናገረችው። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ወፏ፣ በግራ እጇ ስለምትጠልፈው ልጅ፣ አንዳንዴ ጆሮዋ ሥር «ዝም በይ፣ ያልፋል» ስለሚላት የአሮጊት ድምፅ፣ ስለ ደጀኑ ሻይ፣ ስለ እስከዳር። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን እየጀመረች ተናገረችው። ወሰንየለሽ ሳታቋርጥ ሰማቻት። በኋላ፣

«አሁንስ እየሰሙን ነው?» ስትል ጠየቀች።

የብርጓል ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን የሞላው መሰላት። ወንበሩ ከሥሯ ቀስ ብሎ ራቀ፤ የገዛ እጆቿ ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆነው ታዩዋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ሁሉ ነገር እንደ ኩራዝ እፍ ይል ነበር። ዛሬ ግን አልጠፋም። ጓዳ ጋደም ያለ ሰው ሳሎን የሚያወራውን እንግዳ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሰማ፣ ከሩቅ መስማት ቻለች።

«ይበቃል» አለ አፏ፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የደከመ፣ የአሮጊት ነው። «ልጅቱን አደከምሻት።»

ወሰንየለሽ እግሯን ገጥማ ከወንበሯ ብድግ አለችና እጅ ነሳች።

«ኖር» አለች።

ያቺ አሮጊት በዚያ ገላ ውስጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ማንም ተነሥቶላት አያውቅም። አባርረዋታል፤ ጠበል ረጭተው «ልቀቂ!» ብለዋታል። ከመቀመጫው የተነሣላት ሰው ግን አልነበረም።

«በእግዜር» አለች በመጨረሻ። «ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ማን ልበልዎ?»

«ወለተ ኪዳን።»

«እማሆይ፣ ስለመጡ ደስ ብሎኛል። ልጅቱን የሚጠብቋት እርስዎ ነዎት?»

«በሩ ከተዘጋባት ጀምሮ።» ድምፁ ቆም አለ። «እናቷ ስትሞትባት ደጀን አክስቷ ቤት ወሰዷት። ገና የፊደል ልጅ ናት። ከቤቱ ጀርባ የእህል ማስቀመጫ ቤት ነበር፤ መስኮት የለው፣ ጨለማ ነው። የአክስቷ ባል እዚያ ይዘጋባታል። ሲዘጋባት ክፉ ነው። ሲከፍተው ይብሳል።»

ወሰንየለሽ «ይበሉ» አላለችም፤ «ይቅር» አላለችም። ጠበቀች።

«የሰፈር መነኩሲት ነበረች፤ ስሟ ወለተ ኪዳን። ልቅሶዋን ሰማች። ለአክስቷ ተናገረች፤ ለሽማግሌ ተናገረች፤ 'የሰው ቤት ገመና' ብለው መለሷት። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፤ መክፈት አልቻለችም። እና ከበሩ ውጭ እየመጣች ትቀመጥ ነበር። ጣቷን በሳንቃው ስንጥቅ አስገብታ። ልጅቱ ያን ጣት ይዛ ታድራለች።» የየብርጓል ቀኝ እጅ የግራዋን ጣት ጨበጠ። «እሷ ሞተች። እኔ ቀረሁ።»

«ደጀንስ የሚሄዱት ለምንድን ነው፣ እማሆይ?»

«ትንሿ እስካሁን እዚያ ያለች ይመስላታል። ሰውየው ሞቷል፣ ቤቱ ፈርሷል። እየሄድኩ አያለሁ፣ ተመልሼ እነግራታለሁ። አታምነኝም። ለማጽናኛ የምዋሻት ይመስላታል።»

«ራሷ ብታየውስ?»

ጉሙ እየሳሳ ሄደ፤ ወንበሩ ተመልሶ ከሥሯ ገባ። የብርጓል ፊቷን በእንባ ርሶ አገኘችው።

«ሰማሽ?» አለቻት ወሰንየለሽ።

«ሰማሁ። እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች። «እብድ ነኝ?»

«አይደለሽም። የተከፋፈለ ማንነት ይሉታል። ልጅ ሳለሽ አንዷ ብቻዋን የማትችለው ነገር መጣባችሁ፤ ለሦስት ተካፍላችሁ ተሸከማችሁት። በዚያ ነው በሕይወት የወጣሽው።»

«ታባርሪልኛለሽ?»

«አላባርርም። እንድትተዋወቁ ነው የምረዳሽ። ጊዜ ይፈጃል፤ የሚያምም ቀንም ይኖረዋል። አልዋሽሽም።»

የብርጓልን በሚቀጥለው ሳምንት መሄድ አስጠላት፤ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ባለው ተመልሳ ሄደች። በጳጉሜን ቤቷ ውስጥ ለትንሿ ቀለም ያለው ክር ለብቻው አስቀመጠችላት፤ ለእማሆይም ጠዋት ከሥራ በፊት ጥቂት የጸሎት ጊዜ ሰጠች። አንዳንድ ቀን ቀዳዳው ይመጣል። ግን አሁን ከዳሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ የምታይበት ጊዜ እየበዛ ሄደ።

ለዋኘው የነገረችው መስከረም ሲጠባ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እሱ ግቢው ውስጥ የመኪናውን ጎማ ያጥባል። አጠገቡ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። እጁ ላይ ያለው ጨርቅ እየተንጠባጠበ ሰማት።

«አንዳንድ ቀን ከመንገድ ስገባ» አለ ቆይቶ፣ «በሩን የምትከፍትልኝ ሴት ትፈራኛለች። ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ቶሎ አልገባም። ደጅ ቆሜ የመኪናውን ቁልፍ የጠፋብኝ መስዬ ኪሴን እዳብሳለሁ፤ እስክትለምደኝ።»

የብርጓል አፏን ይዛ አየችው። «ታውቅ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኛ።» ጎማውን መልሶ ማሸት ጀመረ፤ ተወው። «ታዲያ... እኔ ያገባሁት የቷን ነው?»

ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰበረበት። የብርጓልም ለማጽናናት ብላ አልዋሸችውም።

«ጊዜ ስጠኝ» አለችው። «ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ እስከዳር መጥታ ሳሙናውን ባልዲው ውስጥ ከተተችው።

ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ተዘግቶ በተከፈተበት ሳምንት፣ ሦስቱም በዋኘው መኪና ደጀን ሄዱ። የብርጓል ከወሰንየለሽ ጋር ተማክራበታለች፤ ብትፈራ ምን እንደምታደርግ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ሁሉን ተነጋግረውበታል። ሰማዩ ጠርቷል። የዓባይ በረሃ እስከ ታች ድረስ ወለል ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ በፀሐይ ይንሳፈፋል። ዋኘውና እስከዳር መኪናው ውስጥ ቀሩ፤ እሷ ብቻዋን ወረደች። ብቻዋን ይባል እንጂ፣ በየእርምጃዋ አንዲት ትንሽ እጅ ከውስጥ ቀሚሷን ስትጎትት ይሰማታል።

አክስቷ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ጎሚስታ ቤት ተሠርቷል። አሮጌ ጎማ ተከምሯል፤ የነፋስ መሙያው እያንኮራፋ ይጮኻል። እጁ እስከ ክርኑ በቅባት የጠቆረ ጎልማሳ ቀና አለ።

«ጎማ ነው?»

ከየብርጓል አፍ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር።

«በሩስ?»

«የምን በር?»

«እዚህ በር ነበር። በጀርባ በኩል።»

ሰውየው ዞር ብሎ ከጎማው ክምር በስተኋላ ያለውን ባዶ ሜዳ አየ። ሁለት በጎች ይግጣሉ። «እዚህ በር የሚባል የለም፣ እናቴ። እንደምታዪው በአራቱም በኩል ክፍት ነው። ምን ይዘጋበታል?»

ስንት ዘመን የእማሆይን ቃል ያላመነች ልጅ፣ ያን ቅባታም ሰውዬ አመነችው። ሊያጽናናት ብሎ አልነበረማ የተናገረው፤ የሚያውቃትም አልነበረም። የብርጓል ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማት፤ ለዘመናት የተጨበጠ እጅ ጣት በጣት ሲፈታ ዓይነት። ወደ በጎቹ ሄደች። መሐላቸው ቆመች፤ መሬቱን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። አፈር ነው። ሣር በቅሎበታል። አለቀሰች፤ ጎሚስታው ግራ ገብቶት ውሃ በጣሳ አመጣላት።

ሲመለሱ ዋኘው ብዙ አላናገራትም። ሉማሜን እንዳለፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የኑግ ማሳ ነው፤ አበባው ፈንድቶ ምድሪቱን ቢጫ አልብሷታል።

«አቁምልኝ» አለችው።

አቆመ። የብርጓል ጫማዋን አውልቃ ወረደችና ማሳው ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ሄደች። ከዚያ ሮጠች፤ እጆቿን እንደ ወፍ ዘርግታ፣ አበባው እስከ ወገቧ ውጧት፣ ቀጭን ሳቅ እየሳቀች። እስከዳር «ትንሿ! ትንሿ ጠብቂኝ!» እያለች ተከተለቻት። የብርጓል በዚያ ሳቅ ውስጥ አልጠፋችም። የሚሮጠው እግር የእሷም እግር ነበር፤ የንቦቹ ጉምጉምታ፣ እግሯ ሥር የሚቀዘቅዘው አፈር፣ የልጇ ድምፅ፣ አንዱም አላመለጣትም። ከበስተኋላዋ ደግሞ አንዲት አሮጊት ማሳው ዳር ተቀምጣ ወገቧን ያሳረፈች መሰላት።

«ማነው ኑጌን የሚረግጠው!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ባለማሳው ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው በመስኩ እየመጡ ነው።

ዋኘው ከመኪናው ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ አባቴ፤ ልጆች ናቸው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ማሳው ተመለከቱ። «ትልቋም?»

«ትልቋም።»

አዩዋት፤ አሁንም አዩዋት። ዱላቸውን ወደ መሬት አወረዱት።

«በሉ በዳር በዳሩ ይሩጡ» አሉ። «መሐሉ ንብ አለበት።»